ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ፍራሽ

አንድ ሰው ወድቆ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ለመጮህ አቅም ሲያጣ ግድግዳዬን አንኳኳ። እኔ ደግሞ «ይሄ ጨቅጫቃ ሽማግሌ ዛሬም ጀመረው!» ብዬ፣ እንዳይረብሸኝ ፍራሼን ከአልጋዬ አንስቼ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልኩበት። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የማወራችሁ እንዴት እዚያ እንደደረስኩና ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እያነበባችሁ ብትሰድቡኝ አልቀየምም፤ እኔም ራሴን ብዙ ሰድቤዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ተዛውሬ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። እናቴ ሞታለች። ያለኝ አንድ ወንድም ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል። ድሬዳዋ ደግ ከተማ ናት፤ የማያውቅህ ሰው መንገድ ላይ «አቦ!» ብሎ ትከሻህን ይመታሃል፣ አብረኸው ትስቃለህ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያ ዘመን ሰው ቤት መግባትም፣ ሰውን ቤት ማስገባትም ያስፈራ ነበር፤ ማን ሰምቶ ለማን እንደሚያደርስ አይታወቅም። ከሥራ ወጥቼ በሬን ከዘጋሁ እስከ ማግስቱ ጠዋት ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻዬን እናገር ነበር።

የተከራየሁት ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት አራት ክፍሎች አንዱን ነው። ሁለቱን ክፍሎች የተከራዩት የባቡር ሠራተኞች ስለነበሩ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት አው ዩስፍ ነበሩ። «አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰውን የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። አው ዩስፍ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ዘይነብም ጅቡቲ አግብታ የቀረችባቸው ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ አንድ ነገር ብቻ ነበር የተነጋገርነው። እሱም ጠብ ነው።

ጠቡ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ትሞታለች። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ግማሹ ሰው በርጫውን ይዞ ጫቱን ይቅማል፣ ግማሹ ከሙቀቱ ሸሽቶ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። እኔ የደጋ ሰው አልተኛም፤ ክራሬን አንስቼ እነካካለሁ። አንድ ቀን ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተደበደበ። ማታ በር ላይ ስንገናኝ አው ዩስፍ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንቺ ልጅ! በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም። አንቺ ከውሻ ታንሻለሽ?»

አኮረፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታውም ቀረ።

ብቸኝነት ሰውን ወይ መጠጥ ያስጀምረዋል ወይ ዘፈን። እኔን ያስጀመረኝ ዘፈን ነው። ግጥም እጽፋለሁ፣ ክራር እመታለሁ፣ አዘፋፈኔም ክፉ አልነበረም። ባቡር ላይ ትኬት የሚቆጣጠር ግርማ የሚባል ጓደኛዬ አንድ ቀን፣ «አዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊ ይፈልጋል። ካሴት ቀድተህ ስጠኝ፤ ቅዳሜ በማታው ባቡር ይዤልህ እሄዳለሁ» አለኝ። እኔም ቅዳሜን የነፃነት ቀኔ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ።

ችግሩ፣ ስዘፍን እጄ ይስታል፤ ክራሩን በደንብ ስመታ ደግሞ ድምፄ ይስታል። ታይዋን ገበያ ውስጥ ራዲዮ ለሚጠግነው ለሙክታር አማከርኩት።

«ዕዳህ ገብስ ነው አቦ!» አለኝ። «መጀመሪያ ክራሩን ለብቻው ባንዱ ቴፕ ቅዳ። ከዚያ እሱን እያዳመጥክ ዝፈን። እኔ ሁለቱን አንድ የምታደርግ ሳጥን እሠራልሃለሁ፤ ሁለተኛው ቴፕ አንድ ላይ ይቀዳቸዋል።»

ሠራልኝም። የሳሙና መያዣ የምታክል የቆርቆሮ ሳጥን ናት፤ አንዱ ገመድ ከመጀመሪያው ቴፕ ይገባባታል፣ አንዱ ከማይክራፎኑ፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ቴፕ ይወጣል። ሁለት ማዞሪያ አላት፣ ለክራሩና ለድምፄ። ሁለተኛውን ቴፕና የጆሮ ማዳመጫውን አዋሰኝ። ስወጣ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ስማ፣ ወላሂ ይቺ ሳጥን ከጆሮህ በላይ ትሰማለች። ጎረቤትህ ሲያዛጋ ትይዝብሃለች። ቤትህን ዝም አስብለው» አለኝ።

ድሬዳዋ ላይ ቤት ዝም የሚለው መቼ ነው? ቀትር ላይ። አው ዩስፍ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ይቆጡ አልኩ፤ ከዛሬ በኋላ ወይ እሄዳለሁ ወይ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። በሩን ቆለፍኩ። መስኮቱን ዘግቼ ብርድ ልብስ ጋረድኩበት፤ ለድምፁም ነው፣ የቀበሌ ጥበቃ አይቶ «ይሄ ሁሉ ገመድ የምንድን ነው?» እንዳይለኝም ነው። ክፍሉ ምድጃ ሆነ። ሸሚዜንና ጫማዬን አውልቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ገመዶቹን ሰካካሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ እዝዝ የሚል ድምፅ ሞላበት። ሳጥኗን በእጄ ስነካት ዝም ትላለች፣ ስለቃት ትጀምራለች። ስነካ፣ ስለቅ፣ ላብ ሲንጠባጠብብኝ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ሽቦ ከቆርቆሮው ላይ አስሬ ከመስኮቱ ብረት ጋር ሳጠማዝዘው እዝዝታው ጠፋ። በደስታ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ልክ ያኔ ከጎን ክፍል አንድ ነገር ዱብ አለ። ወንበር የወደቀ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ማጨብጨብም ተከለከለ እንግዲህ!» አልኩ።

እንደገና ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አሁን ቀስ ያለ ነው። እኔ ግን ቀስ ማለቱን አልሰማሁም፤ የሰማሁት የዚያን ቀኑን የውሻ ስድብ ነው። ንዴቴ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። የጥጥ ፍራሼን ከአልጋው አነሳሁ፣ አራት ሚስማር አፌ ውስጥ ያዝኩ፣ መዶሻውን አነሳሁና ግድግዳው ላይ አስደግፌ መምታት ጀመርኩ። አንደኛውን ሚስማር ስመታ ማንኳኳቱ ቆመ። «ይኸው፣ ተግባባን ማለት ነው!» አልኩ። አራቱንም እስከ አናታቸው ቀበርኳቸው።

ከዚያ ተቀመጥኩና ዘፈንኩ። የምዘፍነው ምን ነበር መሰላችሁ? ግጥሙን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፦

ቤቴ ጭር አለብኝ፣ መዝጊያው ዝም አለ፣
አንድ ሰው አይመጣም «እንዴት ነህ?» እያለ።

ሰው እያንኳኳብኝ «ሰው አጣሁ» ብዬ እዘፍናለሁ። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅኩበትም።

የመጀመሪያው ተበላሸ፤ ድምፄ ክራሩን ዋጠው። ማዞሪያውን ቀንሼ ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ አሳለኝ። ሦስተኛው ግን ሰመረ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክራሩ ጆሮዬ ውስጥ እየመታ፣ ውስጤ ያለውን ሁሉ አወጣሁት። ስጨርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠንኩና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ መስማት ጀመርኩ።

ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ አማረኝ። አንደኛው ስንኝ አለቀና ክራሩ ለብቻው የሚመታበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ከክራሩ ጀርባ አንድ ነገር ሰማሁ። ጭረት። ቀጥሎ ኳ… ኳ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። «አበላሹብኝ!» አልኩ። ክፍሎቹ ኮርኒሳቸው አንድ መሆኑን ረስቼ ግድግዳውን ብቻ ደፍኜ ኖሯል፤ ድምፁ ከላይ መጥቷል። ምናልባት ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል ብዬ ለመመዘን ካሴቱን መለስኩና የቴፑን ድምፅ ከፍ አድርጌ እንደገና ሰማሁት። ጭረት። ኳ። ከዚያ እንደ ሕፃን የቀጠነ ድምፅ፦

«አንቺ ልጅ… አንቺ ልጅ…»

ቁጣ አልነበረም። ሰው ሲቆጣ እንደዚያ አይልም። ከዚያ ትንፋሽ ተሰማና «ያ ረቢ» አለ፤ ቀጥሎ የእኔ ድምፅ ገብቶ «ቤቴ ጭር አለብኝ» እያለ ሸፈነው።

ማዳመጫውን ወረወርኩት። ሮጬ ወጣሁ። በራቸው ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«አው ዩስፍ! አባባ! አባባ!»

በዚያ ቀን አፌ «አባባ» ማለትን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ግቢው ውስጥ ቆሜ «ሰው! የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። ከተማዋ ተኝታለች። መዶሻዬን ከቤቴ አምጥቼ የመስኮታቸውን የሽቦ ወንፊት ቀደድኩና፣ እጄ እየተቧጨረ ዘልዬ ገባሁ።

አው ዩስፍ በአልጋቸውና በብረት ሳጥናቸው መካከል፣ ግድግዳው ሥር ወድቀዋል። ወንበሩ ተገልብጧል። የግድግዳ ሰዓታቸውን ሊሞሉ ወጥተው ኖሮ የሰዓቱ መሙያ ቁልፍ እጃቸው ውስጥ ነው፤ ያንኳኩት በእሱ ነበር። ግንባራቸው ተሰንጥቆ ደሙ በጺማቸው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ጠቁሯል። አንድ እግራቸው ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ዝንብ ሰፍሮባቸዋል። የሞቱ መሰለኝ። ጎንበስ ስል ዓይናቸውን ከፈቱ።

«መጣሽ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

አንሶላ ቀድጄ ግንባራቸውን አሰርኩና መንገድ ላይ ወጣሁ። መኪና የለም። ኒም ዛፍ ሥር አንድ ባለ ጋሪ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ጋሪው ላይ ተኝቷል። ቀሰቀስኩት።

«አቦ ተወኝ፣ ፈረሱ እንኳ ተኝቷል» አለኝ ፎጣውን ሳያነሳ።

«ሰው እየሞተ ነው!»

ፎጣውን አነሳና እጄ ላይ ያለውን ደም አየ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብሎ ዘለለ። ሁለታችን ተሸክመን አወጣናቸው። እግራቸው ሲነካ ያሰሙት ድምፅ አሁንም አንዳንዴ ከእንቅልፌ ያነቃኛል።

ሐኪም ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ድልድዩ ዙሪያ ጥምጥም ሆነብን። «በአሸዋው እንቁረጥ» አለ ባለ ጋሪው። ወንዙ ደርቋል፤ መሃል ላይ ስንደርስ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። ወርጄ ገፋሁ። ለካ ባዶ እግሬን ነው የወጣሁት! አሸዋው እንደ ረመጥ ይጠብሳል። ባለ ጋሪው ፈረሱን በኦሮምኛ እየለመነ ይጎትታል፣ እኔ እየጮህኩ እገፋለሁ፣ አው ዩስፍ ጋሪው ላይ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። «አምላኬ፣ ዘፈኑም ይቅርብኝ፣ አዲስ አበባም ይቅርብኝ፣ እኚህ ሰውዬ ብቻ አይሙቱብኝ» አልኩ። ጎማው በሦስተኛው ግፊት ወጣ።

ሐኪም ቤት እንደገባን ነርሷ ደማቸውን እየጠረገች «መቼ ነው የወደቁት?» አለችኝ።

«አሁን ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ የአሁን ደም አይደለም። ደርቋል እኮ።»

«እንጃ… እኔ አሁን ነው ያየኋቸው።»

ማየቱንስ ያየኋቸው አሁን ነው። መስማት ግን ሰምቼ ነበር። የሰባት ሰዓቱን ማንኳኳት ዋጥ አደረግኩት። ካርድ ስታወጣ «ምናቸው ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘመድ ካልሆንኩ የሚያስታምማቸው እንደሌለ አውቃለሁ። «ልጃቸው ነኝ» አልኩ። ስማቸውን ጻፈች፣ ስሜን ጻፈች፣ ዩስፍንና የእኔን ኃይለሚካኤልን ጎን ለጎን አየቻቸው። «በእናት ነው?» አለች። በግድግዳ ነው ልላት አማረኝ።

ወደ ማታ የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ባቡሩ ሲጮህ ሰማሁት። ግርማ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ታየኝ። ካሴቱ ቴፑ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዶክተሩ ወጥቶ «ደም ብዙ ፈሷል፤ እስከ ነገ ከቆዩ ይተርፋሉ» አለኝ። ቆዩ። ተረፉ።

አምስት ሳምንት አስታመምኳቸው። ከሥራ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ ሾርባ አጎርሳቸዋለሁ። «ቢስሚላሂ በይ» ይሉኛል። «እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ አባባ» እላለሁ። «ሾርባው አያውቅም» ይላሉ። ሁለት ዓመት ያላወራነውን በአምስት ሳምንት አወራነው። ማንኳኳቱን ግን አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም። ልነግራቸው አፌን እከፍታለሁ፣ ማንኪያውን አቀርብላቸዋለሁ።

በክራንች ወደ ቤታቸው በተመለሱ በሳምንቱ፣ «በዚያ ሳጥንሽ ለዘይነብ ድምፄን ላኪልኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ጅቡቲ ላለ ሰው ደብዳቤ የሚላከው በካሴት ነበር፤ ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው ያደርሰዋል። ገመዶቹን ሰካካሁ፣ ማይክራፎኑን አፋቸው አጠገብ አደረግኩ። በሐረሪኛ ብዙ አወሯት፤ አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ ያለቅሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ አዩና፣ «ይሄን በአማርኛ ልበለው፣ ልጁም ይስማ» ብለው ቀጠሉ።

«ዘይነብ፣ ወድቄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያንኳኳሁት። ይሄ ልጅ በመጀመሪያዋ መጣ። ብቻዬን አይደለሁም፣ አታልቅሺ።»

ጣቴ ራሱ ቴፑን አጠፋው።

«አባባ» አልኩ። «በመጀመሪያዋ አልመጣሁም። ሰምቻለሁ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። እንዲያውም…»

«ሚስማር መታሽ» አሉኝ።

ማይክራፎኑን ከአፋቸው አራቅኩ።

«ኳ ሲል መልስ መሰለኝ። ‹ሰማ፣ መጣ› ብዬ ማንኳኳቴን ተውኩ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። እኔ ባቡር ላይ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሚስማር ሲመታ አላውቅም?»

እግራቸው ሥር ተደፋሁ። አለቀስኩ። ለእናቴም፣ ለወንድሜም ያላለቀስኩትን አንድ ላይ አለቀስኩት። እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው፣ «እኔም በፊት ለነገር ነው ያንኳኳሁብሽ። አንድ ቀን ለሰላምታ አንኳኩቼ ቢሆን ታውቂኝ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለዘይነብ እውነቱን ይንገሯት» አልኩ።

«ምን ልበላት? አባትሽ ሁለት ሰዓት ደሙ ሲፈስ የሚሰማው አጣ ልበላት? ባሕር ዳር ላይ ቁጭ ብላ ዕድሜዋን ታልቅስ? ይልቅ መልሺው፣ አጥፊውና እንደገና እንቅዳ። ስታጠፊው ኳ ያለው ገብቶበታል።»

መለስኩት። ማዞሪያውን አስተካከልኩ። አው ዩስፍም እንደገና «በመጀመሪያዋ መጣ» አሉ፣ እኔም ውሸቱን በገዛ እጄ፣ አንድ ኮሽታ እንኳ ሳይገባበት፣ ጥርት አድርጌ ቀዳሁት። በሕይወቴ እንደሱ ያማረ ነገር ቀድቼ አላውቅም።

የእኔ ካሴት አዲስ አበባ አልሄደም። ድምፃዊም አልሆንኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምሳዬን ብቻዬን በልቼ አላውቅም፤ አው ዩስፍ እስኪሞቱ ሦስት ዓመት አብረን በላን። የቀበሩኝ ያህል የከበደኝ ያ ክፍል፣ በኋላ ልልቀቀው ስል አንጀቴ የማይችለው ቤት ሆነ። ሰው የጠፋበት ዘመን ነው እያልኩ የማለቅስ ሰው ነበርኩ፤ ዘመኑ ክፉ መሆኑ እውነት ነው፣ ፍራሹን የሰቀልኩት ግን ዘመኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ዘይነብ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መጣች። የአባቷን መቃብር ካየች በኋላ ቤቴ ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «በመጀመሪያዋ የመጣኸው ወንድሜ» ብላ ጠራችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የምትጠራኝ በሱ ነው። በየዒዱ ትደውላለች፤ ለልጆቿም፣ ለልጅ ልጆቿም ያንን ካሴት አሰምታቸዋለች፤ «አባታችን ብቻውን አልነበረም» ትላቸዋለች። እኔ ስልኩን ይዤ አንገቴን እደፋለሁ።

ዘይነብ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ይህን ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው እውነቱን ማወቅ አለበት። ምናልባት አንዳችሁ ታውቋት ከሆነ ግን፣ አደራችሁን፣ እንዳታነቡላት።